ብርሌው ሮቦት

ጌትነት ሮቦቱን ከሣጥኑ ሲያወጣ ታቦት የሚያወጣ ነው የሚመስለው። ነጭ ጓንት አድርጓል። ፒያሳ የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማኪያቶ የቀረበበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጓንት!

«ይኸውልሽ እህቴ ዓይናለም» አለኝ። «ከዚህ ዓይነቱ በዓለም ላይ ሦስት መቶ ብቻ ነው ያለው።»

አየሁት። ሲታጠፍ የጭነት መኪና፣ ሲዘረጋ ሮቦት የሚሆን፣ የሁላችንም መደርደሪያ ላይ ያለ አሻንጉሊት ነው። ቀለሙን ነስተው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ሰማያዊ ፕላስቲክ ደግመው ሠሩትና ብርቅ አሉት። ብሎኑም ሞላውም ከውጭ ይታያል። ወዲያው ብርሌው ብዬ ስም አወጣሁለት። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው፤ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ካማረኝ የሽንት መቀበያ ኩባያ ሞልቶልኛል።

የጎንደር ሮቦት ሰብሳቢዎች አሥራ ሰባት ነን። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሰው ዕቃ ከመለዋወጡ በፊት አይቼ የምፈርደው እኔ ነኝ። የሚከራከረኝ ባይጠፋም ፍርዴን የሚሽር የለም። ዛሬ ግን ለለውጥ የቀረበው የገዛ ወንድሜ የደመቀ ዕቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው፣ ለዚህ ብርሌ ብሎ አባታችን ያመጣለትን ቀዩን ሮቦት ሊሰጥ! አባታችን አያ ፋንታሁን የማክሰኝት ከብት ደላላ ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ከልጅነታችን የቀረን የእሱ ስጦታ ያ ብቻ ነው።

ለውጡ እንዳይሆን ፈልጌያለሁ። ለአባዬ መታሰቢያ ብዬ ቢሆን ደግ ነበር። ግን ቀዩን ሮቦት የሰበርኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ ከመተማ ሲመለስ ለእኔ ደብተር፣ ለደመቀ ሮቦት አመጣ። ቅናት አንገበገበኝ። ግራ እግሩን ጠምዝዤ ሰበርኩትና በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፤ ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። አባዬ «በሳምንቱ አበላሸኸው!» ብሎ ደመቀን በአለንጋ ገረፈው። ልጁ «እኔ አልነካሁትም» እያለ ሲጮህ እኔ ዝም አልኩ። አሁን ቀዩ ሰው እጅ ከገባ ሙጫው ይታያል፤ በዚያ ቤት ከደመቀ ሌላ የነበርኩት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ በብርሌው ላይ ዘመትኩበት።

«እስቲ እጠፈው» አልኩት ጌትነትን።

«አይታጠፍም። እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰነጠቃል። የሚቀመጥ ዕቃ ነው።»

«የሚቀመጥ? አባታችን ‹በሬ ቆሞ አይታይም፤ ይሂድ› ነበር የሚለው። የማይሄድ በሬ ለሥጋ ይሆናል። ይሄ ለሥጋም አይሆን!»

«እታለም፣ ቀስ በይ» አለኝ ከጎኔ የተቀመጠው ደመቀ።

ማን ሊተው! «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ሲባል አልሰማህም? ይሄ ሳይነቃም ዕቃ አልሆነ!» ብዬ ጨመርኩበት። አጠገባችን የተቀመጡት ሳቁ።

የጌትነት ፊት ጠቆረ። ጓንቱን አወለቀ። የሮቦቱን እግር አጠፈ፣ ክንዱን አስገባ፣ ደረቱን ገለበጠው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መኪና ሆነ። አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። እየገፋ አምጥቶ ሲኒዬ ሥር አቆመው።

«ሄደልሽ» አለ። «የእናንተስ ይሄዳል?»

ሲኒዬን አንስቼ ወደ ራሴ አስጠጋሁ።

«አትጨነቂ፣ አውቃለሁ። ደመቀ ገና ስንነጋገር ‹ግራ እግሩ አይታጠፍም፤ ልጅ ሆኜ እኔው ሰብሬ በሱፐር ግሉ አጣብቄዋለሁ› ብሎኛል። የዕቃውን ጉድለት ራሱ የሚናገር ሰው ስላገኘሁ ነው እሺ ያልኩት።»

የሱፐር ግሉን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሃያ አምስት ዓመት እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ደመቀን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ማኪያቶውን ያማስላል።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ ደመቀ። «ስታጣብቂው አይቼሻለሁ። አባዬ ሲገርፈኝም በር ላይ ቆመሽ ነበር። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀዩን ባየሁት ቁጥር ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ቀዩን ሮቦት ከቦርሳው አውጥቶ በሁለት እጁ ለጌትነት ሰጠው።

«ምነው ደሜ! አሁን ተናገርኩ እኮ!»

«ተናገርሽ። ሌላ ሰው ካነሳው በኋላ።»

ብርሌውን መኪና እንደሆነ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ጉንጬን ሳይስመኝ ወጣ። ጌትነት እንኳ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም።

ግሩፑ ፍርዴን እየጠበቀ ነበር። ስልኬን አውጥቼ «ብርሌው እውነተኛ ነው፤ ይሄዳል። ቀዩን የሰበርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ስድስቱም አነበቡት፤ ደመቀም ጭምር። የተከራከረኝ አልነበረም።