ሁለት ቮልስ በአንድ ቁጥር

ሙናዊር በዘጠና ስድስት ዓ.ም. ለዓመታዊ ምርመራ ቮልሱን ይዞ ሲሄድ መርማሪው «ይህ የሻንሲ ቁጥር ባለፈው ሳምንት ቦሎ ወስዷል» አለው። ነገሩ ቀልድ መሰለው። መኪናዋን አባቱ በጃንሆይ ጊዜ ከገዟት ወዲህ ከጎጃም በረንዳው መጋዘናቸው ደጅ ርቃ አታውቅም። መርማሪው ግን መዝገቡን አዙሮ አሳየው። ታርጋውና ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁርጥ የእሱ።

በማግስቱ የዚያኛዋ ባለቤት ተጠርተው መጡ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ይባላሉ፤ ራጉኤል አጠገብ ክር ይነግዳሉ። ሁለቱ ሰማያዊ ቮልሶች ጎን ለጎን ቆመው፣ ቁጥሩ ከሥሩ የተመታበት የኋላ መቀመጫቸው ተነሳ። የሴትዮዋ ቁጥር ጥርት ያለ ነው። የሙናዊር ቁጥር ዙሪያውን ተበይዷል።

ብየዳውን ማን እንደሠራው ጠየቁት፤ አያውቅም። አባቱ ሞተዋል። ኖረው ኖረው የተሰረቀ መኪና ነዱ ማለት ነው? እሱ ራሱ ያንን መቀመጫ ሲነሳ ያየው አንዴ ብቻ ነው፤ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ገዥ ነኝ ባይ መኪናዋን እያሞገሰ፣ ቁጥሩ ላይ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ሲፈገፍግ። ሊብሬውንም ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ነበር። ሙናዊር ሙገሳው ደስ ብሎት አልከለከለውም።

ግራ ሲገባው የአባቱን መካኒክ ጋሼ ካሳን ፍለጋ ሄደ። ሽማግሌው ብየዳውን አልዘነጉትም። ወለሉን ዝገት ቢበላው አዲስ ቀይረው፣ ቁጥሩንም እንደ አዲስ ሊመቱት አስበው ነበር።

«አባትህ እምቢ አሉ። የራሷን ቁጥር ቆርጠህ በይድ፣ ፈቃዱንም እኔ አስጽፋለሁ አሉኝ።»

የፈቃዱ ደብዳቤ ከምርመራ ቢሮው የድሮ ፋይል ውስጥ ተገኘ፤ መኪናዋ መጀመሪያ ስትመዘገብ ቁጥሩ የተገለበጠበት ወረቀትም አብሮት ነበር። የሙናዊር ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። በሴትዮዋ መኪና ላይ ያለው የ«3» አሃዝ ግን አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የወረቀቱ ክብ። ሴትዮዋ መኪናዋን የሸጠላቸውን ሰው መልክ ሲገልጹ ደግሞ ያው እርሳስ የያዘው ሰው ሆነ። መኪናቸው እዚያው ታገደች።

«ታዲያ የኔዋ የማን ናት?» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። መርማሪው ገና ይጣራል አላቸው።

ሙናዊር ሊደሰት አልቻለም። በቮልሱ ሲሸኛቸው፣ ሌባው ቁጥሩን የገለበጠው እሱ ፈቅዶለት እንደሆነ መንገድ ላይ ነገራቸው። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ተቆጥተው ይሁን ሳይሰሙት ቀርተው አላወቀም። ራጉኤል ሲደርሱ ወርደው በሩን ዘጉና ቦርሳቸውን ከፍተው የሱቃቸውን ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ። ሙናዊር መሪውን እንደያዘ፣ ምን እንደሚላቸው ጨነቀው።