ለሁሉ የሚሆን ደም

“ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም የለም?” አለ በያጁ፣ በላቦራቶሪዋ ባለሙያ ፊት ተገትሮ።

“የሁሉንም መረመርን፣ አባባ። የአንዳቸውም ለልጅዎ አይሆንም።” ወጣቷ ባለሙያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ኦ ኔጌቲቭ ናት። ከራሷ ዓይነት በቀር ከማንም መቀበል አትችልም። ደም ባንኩም ለነገ እንጂ ለዛሬ የለንም ብሏል።”

በያጁ ወደ ኮሪደሩ ዞረ። የሰፈሩ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከመኪና አደጋ የተረፈው ጫማ ሰፊ አለ። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ሞት አፋፍ ደርሳ የተመለሰችው አትክልት ሻጭ አለች። ሁለቱም ዛሬ በእግራቸው የቆሙት በእሱ ደም ነው። ደሙ ለማንም ስለሚሆን ሰፈሩ “ባንኩ” የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እሱም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስሙን ይወደው ነበር። “ባንኩ፣ ድረስ” ከተባለ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ መሮጥ ነው። የእሱ ለሁሉ ሲሆን የሌላው ለእሱ እንደማይሆን አንድ ጊዜ ነግረውት ነበር፤ ሰምቶ ረሳው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብሎ ያስታውሳል? ልጁ ግን ይህንኑ ደም ወርሳለች።

“ወንድሜ፣ ካስፈለገ ሁለት ጊዜ ይቅዱኝ” አለች አትክልት ሻጯ እያለቀሰች።

“አይሆንም አሉ እኮ፣ እህቴ።”

ሚስቱ ከማዋለጃው ክፍል በር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ደህና ነው፤ የእናቱ ደም ግን ከወለደች ጀምሮ አልቆመም። ከሁሉ በፊት የተመረመረው የልጅቱ ባል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆሟል።

“ዘጠኝ ወር ተሸክሜያት፣ ደምሽ አይሆናትም ይሉኛል” አለች የበያጁ ሚስት ቀና ሳትል። “ታዲያ የማን ሊሆናት ነው?”

“የእኔ።”

“አንተማ ለአለቃህ እናት ሰጠህ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።”

ከሰጠ ገና ወሩ ነው። የአለቃው እናት ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው፣ የገዛ ልጃቸው ደም ከእሳቸው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሰውየው ግን መርፌ ይፈራል። “ባንኩ እያለ እኛን ምን አስጨነቀን” ብሎ ሳቀ፤ በያጁም አብሮ ስቆ ክንዱን ዘረጋ። አሁን ያ ሳቅ ትዝ አለው። የተናደደው በአለቃው ብቻ አልነበረም፤ በራሱም ጭምር ነው።

ወደ ባለሙያዋ ተመለሰ። “ከእኔ ቅጂ።”

“ባለፈው የቀዳሁልዎት እኔው ነኝ እኮ። ሦስት ወር ሳይሞላ አልችልም።”

“ልጄ እየሞተች ነው።”

“እርስዎን ገድዬ እሷን ባድን፣ ነገ ምን ብዬ እነግራታለሁ?” አለች። “ሌላ ሰው ያፈላልጉ። ሰው ከተገኘ ከድልድዩ ማዶ ያለው የደም መስጫ ጣቢያም ቀድቶ ቶሎ ይልክልናል።”

በያጁ ሄዶ ሚስቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

“ሰው አግኝቻለሁ” አላት በሹክሹክታ። “ከድልድዩ ማዶ ነው።”

“ማን ነው?”

“አታውቂውም።”

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ከንፈሩ ገርጥቷል።

“ባለፈው ሳምንት ብየዳ ላይ ራሱን ስቶ የወደቀው ሰውዬ ነው?”

ከበሩ ወዲያ የሆነ ብረት ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንዲት ነርስ እየሮጠች ገባች። ሚስቱ በሩን አየች፣ እሱን አየች፣ እጁን ጨብጣ ያዘችው። ከዚያ ለቀቀችው።

“ቶሎ በል” አለችው።

ከድልድዩ ማዶ ባለው ጣቢያ ማንም አያውቀውም። ደረጃውን ሲወጣ መደገፊያውን ይዞ ቆመ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። የመርፌ ጠባሳ የሞላበትን ቀኝ ክንዱን በሸሚዙ እጅጌ ሸፍኖ ቁልፉን ቆለፈና ገባ።

“አባቴ” አለ ነጭ ጋውን የለበሰው ባለሙያ፣ “ባለፉት ሦስት ወራት ደም ሰጥተዋል?”

“ሦስት ወር ትላለህ እንዴ” አለ ባንኩ፣ ግራ እጅጌውን ወደ ላይ እየሰበሰበ። “በዕድሜዬ ሰጥቼ አላውቅም።”