ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል

በቤተ ሙከራው ውስጥ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ወይዘሮ ነጥብ» ነበር የሚላት። ከነጥብ በኋላ የሚመጡትን ቁጥሮች አንዲት እንኳ ሳታስቀር ስለምትጽፍ፣ ሌላው ሰው «ሁለት ግራም ገደማ» ሲል እሷ «ገደማ የሚባል ሚዛን የለኝም» ስለምትል ነው ስሙ የወጣላት። እሷም አልከፋትም። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «ነጥብ ነኝ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዋ የታሸገ ብልቃጥ ይዘው መጡና ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። አለቃዋ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ወሬን በተረት ማጣፈጥ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። በብልቃጡ ውስጥ በደንብ የላመ ቢጫ ዱቄት ነበር።

«ከጎማ ፋብሪካው የመጣ ነው» አሏት። «የደህንነት ሰነዱ ስላረጀ እንደገና ይገምገም ተብሏል። እፍጋቱን ለክተሽ ስጪኝ። ዱቄቱ ድንገት ቢፈስና ውሃ ቢገባ ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል፣ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ዓሣ የሚጎዳ ነገር ነው አሉ።»

ወይዘሮ ነጥብ አሮጌውን ሰነድ ገለጥ አደረገች። «እፍጋት፦ በሊትር ግማሽ ኪሎ። ከውሃ ይቀላል፤ ይንሳፈፋል» ይላል። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ስታይ ሳቋ መጣ። ጭራው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚጎተት ፊርማ ነው። በልጅነቷ የፈተና ውጤቷ ላይ ስንት ጊዜ አይታዋለች! የታላቅ ወንድሟ ፊርማ ነበር።

ይህ ወንድሟ እንዲሁ ወንድም ብቻ አይደለም። አባታቸው ሲሞት እሷ የሰባት፣ እሱ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ። ትምህርቱን አቋርጦ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ አሳደጋት። መደመርና ማካፈልን ያስተማራት እሱ ነው፣ የጠርሙስ ቆርኪ ወለል ላይ እየዘረገፈ። ከተራ ሠራተኝነት ተነስቶ ዛሬ የፋብሪካው የደህንነት ኃላፊ ሆኗል። በክርክር ግን ማንም ረትቶት አያውቅም፣ እሷማ ጭራሽ።

ሰነዱን ይዛ ወደ አለቃዋ ሄደች። «ይሄን የፈረመው ወንድሜ ነው። ሌላ ሰው ቢለካው አይሻልም?»

አለቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሚዛኑ ወንድምሽን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«እንግዲያው ለኪ። የመጨረሻው ፊርማ የእኔ ነው።»

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። አንገቷ ጠባብ፣ ክዳኗ መሃል ለመሃል ፀጉር የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ አለች። መጀመሪያ ባዶዋን ትመዘናለች፤ ከዚያ ዱቄቱ ተጨምሮባት ትመዘናለች፤ በመጨረሻም ዱቄቱን በማያሟሟ ፈሳሽ እስከ አፏ ተሞልታ ትመዘናለች። ፈሳሹ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላው፣ ዱቄቱ ብቻውን ምን ያህል ቦታ እንደያዘ በስሌት ይገኛል። ወይዘሮ ነጥብ ለዚህ የመረጠችው የተጣራ ነጭ ጋዝ ነበር።

የመጀመሪያው ልኬት በሊትር 1.19 ኪሎ አላት። ሁለተኛው 1.31። ሦስተኛው 1.24።

«ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል!» አለች ለራሷ። ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ በማጉያ መነጽር አየቻት። ታች፣ በቢጫው ውስጥ፣ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ የአየር አረፋዎች ተወሽቀዋል። ፈሳሹ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ በዱቄቱ ስም እየተቆጠረ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ጀመረች። አሁን ዱቄቱን በጥቂት ነጭ ጋዝ ብቻ ሸፈነችውና ጠርሙሷ ላይ ወፍራም መስታወት ደፍታ አየር መሳቢያውን ፓምፕ አስነሳች። አረፋዎቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ፓምፑን እያቆመች ጠርሙሷን በጣቷ ቀስ ብላ ትነካካታለች፤ የተሸሸጉት ደግሞ ይወጣሉ። አንዲትም አረፋ እስክትጠፋ አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ሞላቻት፣ ሙቀቷ እስኪረጋ ጠበቀች፣ መዘነች። 1.42። በማግስቱ ደገመችው፣ 1.41። ሠለሰችው፣ 1.42።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከውሃ የሚከብድ ነገር ይሰምጣል። ክርክር የለውም።

አለቃዋ ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የሰነድ ወለምታ ግን በሰነድ ይታሻል። እኔ ልደውልለት?»

«አይ፣ ከእኔ ይስማ» አለች። ወዲያው ስልኩን አነሳች።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?»

«ደህና ነኝ እታለም። ምን ሆነሻል? ድምፅሽ የቤት ሥራ ያልሠራች ተማሪ ድምፅ መሰለ።»

«ቢጫው ዱቄት... ይሰምጣል።»

ወዲያ ማዶ ከት ብሎ ሳቀ። «ሂጂ ወዲያ! እኔ በነዚህ ዓይኖቼ ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። ነገ መጥቼ አሳይሻለሁ።»

ያለውም አልቀረ። በማግስቱ ጠዋት ጫማው ገና የፋብሪካ አቧራ እንደለበሰ፣ የእሷን ናሙና ያላመነ ይመስል የራሱን ዱቄት በማሰሮ ይዞ ከተፍ አለ። ወሬው ቀድሞ ስለተሰማ የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ወደ ክፍሏ ገባ። አንዱ ብዕር ሊዋስ፣ ሌላዋ ሰዓት ልትጠይቅ።

«መጀመሪያ ጓንትና መነጽር» አለችው።

«እኔን? የደህንነት ኃላፊውን?»

«አንተን።»

እያጉረመረመ አደረገ። ረጅም የመስታወት ሲሊንደር ውሃ ሞልታ ሰጠችው። ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ ቆንጥሮ ከላይ ነሰነሰው። ዱቄቱ ውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ። አንዲት ቅንጣት አልወረደችም።

«በሉ እንግዲህ!» አለ ዞር ዞር እያለ። «እህቴ ናት፣ ብትሳሳትም እወዳታለሁ!»

ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ ነጥብም ሳቀች። ከዚያ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች፣ የመስታወት ዘንግ ጫፍ ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ነክራ መጣችና ውሃውን ነካ አደረገችው።

ቢጫው ምንጣፍ መሃሉ ተበሳ። ወደ ጠርዙ ሸሸ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ቀጥሎ እንደ ዶፍ ዝናብ። ደቂቃ ሳይሞላ ዱቄቱ በሙሉ ታች ተኝቶ ነበር።

«እንዴት?» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ።

«ውሃው አላረጠበውም ነበር ጋሼ። ደግፎ ያቆመው በላዩ ላይ የተለጠፈው አየር ነው፤ ሳሙናው ግን ውሃውን አስገባና አየሩን አስለቀቀው። ያኔ እንዴት ነበር የለካኸው?»

«በሊትር ጣሳ ሞልቼ መዘንኩት፤ ግማሽ ኪሎ ሆነ።»

«ከጣሳው ሁለት እጁ አየር ነበራ! አየሩን ከዱቄቱ ጋር ነው የለካኸው።»

ወንድሟ ሲሊንደሩን አተኩሮ አየው፤ ፊቱም ተለዋወጠ። «የፋብሪካውን ወለል የምናጥበው በሳሙና ነው» አለ። «ዱቄት ከፈሰሰ አጥበን ወደ ግቢው ጉድጓድ እናስገባለን፤ ከላይ የተንሳፈፈውን በወንፊት እንገፍፋለን፤ ውሃውን ደግሞ... በታችኛው ቧንቧ ወደ ወንዙ እንለቃለን። እንዲህ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ስንት ጊዜ ለቃችኋል?» አለችው፣ መልሱን እየፈራች።

«አንድም ቀን። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ከረጢት አልፈሰሰብንም።»

«ተመስገን!» አሉ አለቃዋ ከበሩ ሥር። «ጥንቃቄህ ከሰነድህ ይበልጣል ማለት ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ወንድሟ ነበር። ትከሻው እስኪናጥ፣ መነጽሩ በእንባ እስኪጋረድ ሳቀ። ከዚያ እህቱን ጎተት አድርጎ ግንባሯን ሳማት። «ቆርኪ አስቆጥሬ ያሳደግኳት ልጅ ዛሬ እኔን አስቆጠረችኝ! በይ፣ ወረቀቱን ስጪኝ። እኔው ራሴ ነኝ የማቀርበው።»

አቀረበውም። በሥራ አስኪያጆቹ ስብሰባ ላይ ሰበብ ሳይደረድር «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ማረሚያውም ይኸው» ብሎ ቆመ። በወሩ ውስጥ የጉድጓዱ የታችኛው ቧንቧ ተደፈነ፤ ውሃው ከረጋ በኋላ ከላይ እንዲቀዳ ተደረገ፤ ተፈትሾ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥም ወደ ወንዙ እንዳይለቀቅ ታዘዘ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ ስልኳ ጮኸ።

«እታለም! ሁለት ከረጢት ፈሰሰብን!» ወንድሟ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። «ዕቃ ማንሻ መኪናው በሹካው ወጋቸው። ሰው ምንም አልሆነም። አጥበን ጉድጓድ አስገባነው፣ እስኪረጋ ጠበቅን፣ ላዩ የምንጭ ውሃ መስሏል!»

«እሰይ! እሰይ!» ብላ እሷም ጮኸች።

አለቃዋ በድንጋጤ ብቅ አሉ። «ምን ተፈጠረ? ምን ተቃጠለ?»

«ምንም አልተቃጠለም። ዱቄቱ ሰመጠ።»

«በዕድሜዬ ነገር ሰመጠ ተብሎ እልል ሲባል ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉና የከሰዓቱን ፈቃድ ሰጧት።

ፋብሪካው ግቢ ስትደርስ ወንድሟ ጭንብሉን አጥልቆ፣ እስከ ጉልበቱ ቢጫ ሆኖ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ደለሉን በአካፋ ወደ በርሜል ያስገባል። ሲያያት አካፋውን መሬት ላይ ተከለና ጭንብሉን ዝቅ አደረገ።

«ኑ፣ እህቴን ተዋወቋት!» አለ ለሠራተኞቹ። «አሳደግኳት ስል ነበር አይደል? አሁን ደግሞ ተራው የእሷ ነው፤ እኔን እያሳደገችኝ ነው።»