የደጀን መደብ

ወይንሸት ከወልድያ ተሳፍራ መርሳ እስክትደርስ ድረስ ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት እናት ሁኔታዋን ሲያዩ ቆይተው ‹‹ልጄ፣ ክፉ ወሬ ሰማሽ እንዴ?›› አሏት።

‹‹አይ እማማ፣ ጌም ነው።››

እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። በጌም እንዲህ ፊቱ አመድ የሚመስል ሰው ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ።

የምታነበው ‹‹ዋሻ ገቢዎች›› የሚባለውን የቴሌግራም ቡድን ነበር። ዋሻው የቆየ የኮምፒውተር ጌም ነው። አራት ጀግኖች ተቧድነው ከመሬት በታች ይወርዳሉ፣ ጭራቅ ይገድላሉ፣ ያገኙትን ይዘው እሳታቸው ወደሚነድበት ሰፈር ይመለሳሉ። የፈረንጅ ስሙ ረጅም ስለሆነ ከሐራ እስከ ውርጌሳ ያለ ተጫዋች ሁሉ ዋሻው ብሎ ተገላግሎታል። ሠሪዎቹ አምና ይህንኑ ጌም አስፍተው፣ ቀለም ቀብተው፣ አዳዲስ ክፍል ጨምረው፣ በስልክም እንዲሠራ አድርገው እንደገና አወጡት። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ሰላም የለውም።

‹‹አዲሱ ካርታውን ራሱ ይሥላል፣ ተገላገልን›› ይላል አንዱ። ‹‹ካርታ ከተሣለልህማ ዋሻ ገባሁ አትበል፣ መናፈሻ ገባሁ በል›› ይለዋል ሌላው። አዲሶቹን ክፍሎች አድንቆ የማይጠግብ አለ፤ ጭራቆቹ ለስልሰዋል ብሎ የሚያላዝንም አለ። ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር በኢንተርኔት አብሮ መጫወት ተፈቅዶ ሳለ መልእክት መጻፊያ አለመኖሩ ነው። ‹‹አገናኝተው አፋችንን ለጎሙን›› ብለው ሠሪዎቹን ያልሰደበ የለም።

ከሁሉም አምርራ አዲሱን የምትቃወመው ወይንሸት ነበረች። የቡድኑ አናት ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ የእሷ ነው፦ ‹‹አሮጌው ምን ጎደለው? አዲሱን የምትጭኑ ኋላ ወዮላችሁ።›› ስንቱን ወጣት በዚህ ጽሑፍ እንዳስቀረች እሷም አታውቀውም። ስለ ካርታውና ስለ ጭራቁ የደረደረችው ነገር ግን ሁሉም ለይምሰል ነው። እውነተኛው ምክንያቷ ወንድሟ ደጀን ነበር።

ዋሻውን የጀመሩት አራት ሆነው፣ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ባለው የሉብና ጌም ቤት ነው፤ ወይንሸት፣ ታናሽ ወንድሟ ደጀን፣ ሉብና ራሷ፣ እና ውርጌሳ የሚያስተምረው ፈቃዱ። ሌላው ሰው ኳስ ጨዋታ ላይ ሲሻማ እነሱ ጥግ ላይ ባለው ኮምፒውተር ፊት ተደራርበው ይቀመጣሉ። ያገኙትን ሲካፈሉ እንደ ሌላው አይነታረኩም፤ እንደ ቅርጫ ያደርጉታል። የወይንሸትና የደጀን አባት፣ አባባ ገበየሁ፣ የሰፈሩ ቅርጫ መዳቢ ናቸው። በሬው ታርዶ ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ስንጥርም ይሁን ጠጠር ምልክቱን ይሰጣል፤ የማንነቱን የማያውቅ ሰው ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል፤ ምልክትህ ያረፈበት ያንተ ነው። ደጀን ይህንን ይዞ ዋሻው ውስጥ ገባ። ሰይፉንም መድኃኒቱንም ሣጥን ውስጥ አራት መደብ ያደርግና ዕጣ ያስጥላል። የወይንሸት ምልክት የነሐስ ቀለበት፣ የሉብና ሰማያዊ ላባ፣ የፈቃዱ የተሰበረ ቁልፍ፣ የራሱ ደግሞ የሻማ ቁራጭ ነበር። ጌሙ እንዲህ አድርጉ አላላቸውም፤ የራሳቸው ሕግ ነው።

ደጀን አንድ ቀን ከሐራ ተሳፍሮ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ሊሻገር ሄደ። እሱ ከወጣ በኋላ ጦርነቱ ደረሰ፤ የቤተሰቡም የጓደኞቹም ስልክ ተወስዶ የሁሉም ቁጥር ተቀየረ። የእሱም ስልክ ተዘጋ። ቆይቶ ከመንገድ የተመለሰ አንድ የውርጌሳ ልጅ ጀልባ መስጠሙን ተናገረ። ደጀን እዚያች ጀልባ ላይ ነበር ወይ ሲሉት፣ መሬት መሬት እያየ ‹‹መሰለኝ›› አለ።

ሦስቱ ጨዋታውን አልተዉም። የደጀን ጀግና እሳቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እነሱም ወርደው በተመለሱ ቁጥር ድርሻውን በሻማው ቁራጭ ሥር ያኖሩለታል። አባባ ገበየሁም በየበዓሉ ቅርጫ ላይ ‹‹ይቺ የልጄ ናት›› ብለው አንድ መደብ ያስጨምሩና በስሙ ለአቅመ ደካማ ይሰጡለት ነበር። የዘንድሮ ፋሲካ ግን ቢላዋቸውን እየጠረጉ ‹‹አንድ መደብ ቀንሱ›› አሉ። ወይንሸት ያን ቀን ሥጋ የሚባል አልቀመሰችም። አባቷ ከፍልሰታ በኋላ ተዝካሩን ለማውጣት ከቄሱ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። እንግዲህ ደጀንን የሚጠብቅ ቦታ የቀረው ያ እሳት ዳር ብቻ ነበር።

እሱንም ሊነጥቃት የመጣው የሉብና ኮምፒውተር ነው። ጀግኖቹ ሁሉ የተቀመጡበት ሃርድ ዲስክ መንጫጫት ጀምሯል። አሮጌው ዋሻ ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ያለው መውጫ ጀግኖቹን ወደ አዲሱ ማሻገር ነው፤ አንዴ ከተሻገሩ ወዲያ መመለስ የለም። ‹‹ዛሬ ካላሻገርነው ነገ የምናሻግረው አይኖርም›› ብላ ሉብና ላከችባት። በዚያው ጠዋት አንድ የቆቦ ተጫዋች ቡድኑ ውስጥ ብቅ ብሎ ‹‹ተጠንቀቁ፣ ባለቤቱ ቆይቶ ያልገባበት ጀግና ሲሻገር ይጠፋል፤ የጓደኛዬ ጠፍቷል›› አለ። ‹‹ውሸት ነው፣ የእኔ ደህና ተሻግሯል›› አለ ሌላው። ወይንሸት የሚኒባሱን መንገድ የጨረሰችው የሁለቱን ጭቅጭቅ እየደጋገመች ስታነብ ነው።

ጌም ቤቱ ስትደርስ የክረምቱ ዝናብ መውረድ ጀምሮ ነበር። ሉብናና ፈቃዱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ይጠብቋታል።

‹‹አይሻገርም!›› አለች ገና ከበሩ።

‹‹መጀመሪያ እንዴት ዋላችሁ ይባላል›› አለ ፈቃዱ።

‹‹የቆቦውን ልጅ አላነበብከውም?››

‹‹አነበብኩት። አምና የሌለ በር አለ ብሎ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ያስደበደበን ልጅ እኮ ነው። የእሱን አስተያየት ነው የምታምኚው?››

‹‹እውነቱን ቢሆንስ?››

‹‹እሺ፣ ዲስኩ ሲበላሽስ? ያኔ ደጀን ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ አራታችንም…››

‹‹ደጀን ጠፋ አትበል!›› ጩኸቷ ኳስ ይጫወቱ የነበሩትን ሁሉ አስደነገጣቸው።

ሉብና ተነሥታ እጇን ያዘቻት። ‹‹ወይኒዬ፣ ወላሂ እኔም ፈርቻለሁ። ግን እስቲ ስሚው።››

ሰሙት። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ቋ፣ ቋ ይላል፤ ያቆማል፤ እንደገና ቋ ይላል። ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች። ሳታሻግረው ብትቀር ደጀንን የምታጣው በዝምታ ነው። ብታሻግረው ደግሞ በገዛ እጇ ልትገድለው ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚነግራት ሰው ፈለገች፤ ግን ስለ ካርታና ስለ ጭራቅ ሺህ አስተያየት ከሚሰጠው ቡድን ውስጥ ለዚህ መልስ ያለው ማንም አልነበረም።

‹‹ሌላ ሰው አይነካውም፣ እኔ ነኝ የምጫነው›› አለች በመጨረሻ። ተቀመጠችና ‘አሻግር’ የሚለውን ተጫነችው።

አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር እየተሳበች ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች። ግማሽ ስትደርስ ቆመች። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይወቅጠዋል። አምፖሉ ደመቀ፣ ፈዘዘ፣ ከዚያ ድርግም አለ። ኳስ ተጫዋቾቹ በአንድ ድምፅ ‹‹ኧረ!›› አሉ። ኮምፒውተሩን የያዘው ከሥሩ ያለው ባትሪ ብቻ ነው፤ እሱም አልቻልኩም እንደሚል ሁሉ ጲጵ ጲጵ ይላል።

‹‹ያ ረብ፣ ያ ረብ›› አለች ሉብና። ወይንሸት በልቧ እመቤቴን እየጠራች መስመሯን ትለምናለች። መስመሯ ተንቀሳቀሰች፣ ቆመች፣ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ የኮምፒውተሩ ማያ ጨለመና ደማቅ ብርሃን ወጣ፤ እሳቱ ታየ።

እሳቱ ከድሮው ይልቅ አምሯል፤ ፍሙ ሁሉ ይለያል። ዳሩ ላይ ሦስት ጀግኖች ተቀምጠዋል። አራተኛው ድንጋይ ባዶ ነበር።

ወይንሸት ሣጥኑን ከፈተችው። ሻማውም የለም፣ ከሻማው ሥር ያጠራቀሙት ሁሉ የለም። እንባዋ መጣ፣ ከእንባዋም ቁጣዋ ባሰ። ‹‹አላልኳችሁም? አላልኳችሁም ወይ! በቃ፣ አሁን ደስ ይበላችሁ፤ ካርታችሁን ይሣልላችሁ!››

ሉብና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ፈቃዱ ግን የማያውን ጠርዝ ትኩር ብሎ ያያል።

‹‹ወይንሸት፣ ስሙ አለ።››

‹‹ተወኝ!››

‹‹የጠፋ ጀግና ስሙም አብሮ ይጠፋል። ይኸው፣ ‘ደጀን’ ይላል። አጠገቡ ችቦ አለ። ችቦው… ሌላ ዋሻ ውስጥ ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ቀድሞ በራሱ አካውንት አዲሱ ላይ ጠርቶታል ማለት ነው፤ እዚህ ያስቀመጥንለት ዕቃም አሁን ተከትሎት ወደ ከረጢቱ ገብቷል።››

‹‹አንተ በምን አወቅህ?›› አለች ሉብና።

‹‹እ… ስልኬ ላይ ጭኜው ነበር። ተደብቄ ነው›› አለ አንገቱን ደፍቶ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወይንሸት ቆዳውን ትገፈው ነበር። አሁን ግን አልሰማችውም። ሌላ ፍርሃት ገብቶባት ነበር፤ የሞተ ሰው ስልክ የወሰደ ደላላ ቢሆንስ? አንድ የማታውቀው ሰው የወንድሟን ጀግና እየነዳ ይሆን?

‹‹እሱ ያለበትን እሳት ማየት ይቻላል?›› አለች።

‹‹ይቻላል። የጓደኛን ሰፈር መጎብኘት የተጨመረ ነገር ነው›› አለና ፈቃዱ ችቦውን ተጫነው።

ሌላ እሳት፣ ሌላ ዋሻ ታየ። ጀግናው እሳቱ ዳር አልነበረም፣ ወደ ታች እንደወረደ ነው፤ ባለቤቱ የተጫወተው ትናንት ነው ይላል። ከእሳቱ አጠገብ ሣጥን አለ። ወይንሸት ከፈተችው።

ሣጥኑ ውስጥ አራት መደብ ነበር። በአንደኛው ላይ የነሐስ ቀለበት፣ በሁለተኛው ላይ ሰማያዊ ላባ፣ በሦስተኛው ላይ የተሰበረ ቁልፍ። ሦስቱም መደቦች እስከ አፋቸው ሞልተዋል፤ ያልተነኩ ሰይፎች፣ ያልተከፈቱ መድኃኒቶች፣ ቀን በቀን የተጨመሩ። በአራተኛው ቦታ የሻማ ቁራጭ ብቻ ነበር። የራሱን ድርሻ እየተጠቀመበት ነው።

‹‹አልሐምዱሊላህ›› አለች ሉብና። ፈቃዱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

ወይንሸት የመደቦቹን ቁመት አየች። ይህ በአንድ ወር አይከመርም። ደጀን አዲሱ ዋሻ ከወጣ ጀምሮ ከሞላ ጎደል በየቀኑ እየገባ፣ መጻፊያ በሌለበት ቦታ ባገኘው መንገድ ሲጣራቸው ኖሯል። እሷ ደግሞ ይኸን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ማንም እንዳይገባ ስትከለክል ነበር።

‹‹እኔ ነኝ›› አለች። ‹‹እኔ ነኝ ያስጠበቅኩት።››

‹‹ዝም በይ፣ አሁን ደርሰሻል›› አለቻት ሉብና።

የጀግናን ስም መቀየር እንደሚቻል ያስታወሰችው ያኔ ነው፤ ደጀን እንዲያውቁት ብሎ የራሱን አልነካም። የጀግናዋን ስም አጠፋችና በምትኩ የስልክ ቁጥሯን ጻፈች። ከዚያ ጀግናዋን አምጥታ የደጀን እሳት ዳር፣ ሲመለስ ፊት ለፊት የሚያያት ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ቡድኑ አናት ላይ የሰቀለችውንም ጽሑፍ አወረደችና ‹‹አዲሱ ዋሻ ጥሩ ነው። ግቡ›› ብላ ጻፈች። ወዲያው የሃምሳ ሰው ጥያቄ ዘነበባት፤ አላየችውም። አባቷ ጋ እየደወለች ነበር።

‹‹አባባ፣ ይሰሙኛል? ደጀን ድርሻችንን አስቀምጦልናል!››

እሳቸው ስለ ዋሻ ምን ያውቃሉ? ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ‹‹ያ የምንጫወተው ጌም ውስጥ፣ አባባ… እንደ ቅርጫ መድቦ፣ ምልክት አኑሮ…››

‹‹ስንት መደብ?›› አሉ አባባ ገበየሁ።

‹‹አራት።››

‹‹ምልክቱስ?››

‹‹የእኔ ቀለበት፣ የሉብና ላባ፣ የፈቃዱ ቁልፍ። ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም።››

‹‹የራሱስ?››

‹‹የራሱ ባዶ ነው አባባ። በልቶታል።››

ዝናቡ የቤታቸውን ጣሪያ ሲመታ በስልኩ ይሰማታል፤ በመሐል የሳቸው ትንፋሽ ይቆራረጣል።

‹‹ለቄሱ እኔ እነግራቸዋለሁ›› አሉ። ‹‹ለመስቀል አንድ መደብ እጨምራለሁ።››