ሦስተኛው ወንበር

«በለቅሶ ቤት የሥራ ወሬ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አለ የወህኒ ቤቱ ኃላፊ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ግን ዓርብ ደረሰብን። ማሽኑ ደግሞ እምቢ ብሏል።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞር አለች። እናቷ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆነዋል። አባቷ ከተቀበሩ ገና ሁለት ቀን ነው። የመቃብሩ አፈር እንኳ ሳይደርቅ እንዲህ መባሉ አንጀቷን አሳረረው፤ ሆኖም ለማጽናናት የመጣን ሰው ውጣ አይሉትም።

ስለ ማሽኑ እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ሞት የተፈረደበት ሰው ከመስታወት ወዲያ ይታሰራል። ወዲህ ሦስት ሰዎች በሦስት ወንበር ተቀምጠው እኩል ቁልፍ ይጫናሉ። ከሦስቱ አንዱን መርጦ መርዙን የሚለቀው ኮምፒውተሩ ስለሆነ፣ የማን ጣት እንደገደለ ማንም አያውቅም። መስመሩን የዘረጉት የወህኒ ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አባቷ ነበሩ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡትም እሳቸው ነበሩ። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ ነው ኃላፊው ወደ እሷ የመጣው።

«ማሽን ገደለ እንጂ ሰው መች ገደለ?» ሲል አጎቷ አንሾካሾከ።

«ማሽኑን ማን አዘዘውና!» አለች አንዲት ጎረቤት።

ኃላፊው ሰምቶ እንዳልሰማ ቀጠለ። «ትናንት ሁለቱ ጠባቂዎች ተጫኑ፤ የሙከራው መብራት አልበራም። ደጋግመን ብንሞክር ያው ነው። ኮምፒውተሩ ከተጫኑት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት እኮ።»

«ሦስተኛው ቁልፍስ?» አለች ልጅቷ።

«ማን ይጫነው? ጠባቂዎቹ ሁሉ የሙት ወንበር ላይ አንቀመጥም አሉ።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ማሽኑ የተተከለ ሰሞን አባቷ ሦስት ቁልፍ የተገጠመበት ሳጥን ይዘው ወደ ቤት መጥተው ነበር። እሷ ባትሪ አበራችላቸው፤ እሳቸው ሁለት ሽቦ ቆርጠው ጫፉን በፕላስተር ጠቀለሉት።

«እነዚህ ሁለቱ የትም አይሄዱም» አሏት።

«ታዲያ ለምን ይቀመጣሉ?»

«ለሚጫኗቸው ሰዎች።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባትም። ከዚያ ወዲህ አባቷ በቤታቸው መብራት አብርተው አያውቁም። ሲመሽ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቋትና ስትገባ «አንቺ አብሪው» ይሏታል። «ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማብሪያው ጠፋበት» እያለች ትስቅባቸው ነበር። አሁን ሳቋ ራሱ አሳፈራት።

ብርጭቆ ለመሙላት ወደ ማድ ቤት ገባች። ከኃላፊው ጋር የመጣው ከሁለቱ ጠባቂዎች አንዱ፣ አባቷ ሎጋው ይሉት የነበረው፣ ተከተላት። ሲገባ ጀምሮ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም፤ ሻዩንም በግራው ነው የጠጣው።

«በዚህ እጄ ልጄን አቅፌ አላውቅም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ነበርኩ ይሆን? አባትሽን ስጠይቃቸው ዝም ይሉኝ ነበር።»

ብትነግረው ይህ ሰው ነፍስ ይዘራል፤ አባቷ ግን የዚያ ሁሉ ሰው ገዳይ ሆነው ይቀራሉ። ወሬው ኃላፊው ጆሮ ከደረሰም ማሽኑ ጤነኛ መሆኑ ይታወቃል፤ አንድ ሰው ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ዓርብ የሚገደለው ሰው አለቀለት። ፈራች። ይህን ሁሉ ጥለውባት በሄዱት አባቷም ተናደደች። ግን የሎጋውን ዓይን አይታ መቻል አቃታት።

«አንተ አልነበርክም። ጓደኛህም አልነበረም። የእናንተን ሽቦ አባቴ ቆርጦት ነበር። ኮምፒውተሩ ማንንም ቢመርጥ የሚሠራው የእሱ ብቻ ነው።»

ሎጋው ግድግዳውን ተደገፈ። ደስ የሚለው መስሏት ነበር፤ ፊቱ ግን በንዴት ቀላ።

«ይህን ሁሉ ዘመን እንቅልፍ አጥቼ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ብታውቅ ወሬው ይወጣና ሽቦውን መልሰው ይቀጥሉታል ብሎ ይሆናል። አላውቅም። ምክንያቱን ለእኔም አልነገረኝም።»

ኃላፊው በሩ ላይ ብቅ አለ። «እህሳ፣ ትመጪልናለሽ?»

«አልችልም። የዚያን ማሽን ነገር የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር።»

«አንተስ?» አለ ወደ ሎጋው ዞሮ። «ሲሠሩ ከጎናቸው አትጠፋም ነበር። ያየኸው ነገር የለም?»

ሎጋው መሬት መሬት አየ።

«የለም፣ ጌታዬ» አለ በመጨረሻ። «ተበላሽቷል።»

«እንግዲህ ባለሙያ ከውጭ እስኪመጣ ወራት መፍጀቱ ነው» አለ ኃላፊው እየተነጫነጨ። ስልኩን አውጥቶ የዓርቡን ቀጠሮ ለማሰረዝ ወደ ደጅ ወጣ።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ መሽቷል። የተቀመጡት ሰዎች ጥላ ብቻ ነው የሚታየው።

«ምነው ልጄ፣ በጨለማ ልንቀመጥ ነው?» አሉ እናቷ።

ልጅቷ ወደ ማብሪያው ሄደች። ጣቷን ዘርግታ ልትነካው ስትል የአባቷ ጣት በዓይኗ ላይ መጣባት፤ ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ ገነፈለ። እጇን መልሳ ወደ ሎጋው ዞረች።

«አንተ አብራው» አለችው።

ሎጋው ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ተጫነው።