ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ

አሰፋሽ ከልጇ ጋር በመኪና ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት ከተማዋ አሌክሳንድሪያ እስኪደርሱ ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበበችው። አርባ ሁለት ጥያቄዎች ተዘርዝረውበታል፤ ሁሉም ክፉኛ ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል ስለሚገባ ሰው ናቸው። ደም መቼ ይሰጠው? አምቡላንሱ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ ወይስ ራቅ ወዳለው ትልቁ? ተመራማሪዎች የቱን አስቀድመው ያጥኑ የሚለውን ለመወሰን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የአምቡላንስ ሠራተኞችና ከአደጋ የተረፉ ሰዎች ዛሬ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከአርባ ሁለቱ ዐሥሩ ብቻ ይመረጣሉ። ሠላሳ አንደኛው የአሰፋሽ ነው።

"ማሚ፣ በቃ ሜሞራይዝ አድርገሽዋል" አለች መኪናውን የምትነዳው ልጇ ዮዲ። "ኔርቨስ ነሽ?"

"ኧረ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው። ልቤ እንዴት እንደሚመታ ብታውቂ።"

ከሁለት ዓመት በፊት ጆርጂያ አቬኑ የሚባለውን መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጭቷት ነበር። አሰፋሽ የሕፃናት መዋያ አስተማሪ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ስትሠራ ኖራለች። የዚያን ቀን ግን ሕመሙ እንግሊዝኛዋን ጠራርጎ ወሰደው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ከቧት ልብሷን በመቀስ ሲቀድ፣ እሷ በአማርኛ "ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ" እያለች ትለምናቸዋለች። ጭንቅላቷ ተመትቶ የምትቀባጥር መሰላቸው። ወለሉን ሊወለውል የመጣ ባርናባስ የሚባል አማርኛ የሚያውቅ የጽዳት ሠራተኛ ከበሩ ላይ ሰምቷት በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ወዲያው መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ሌላ መድኃኒት ሰጧት፤ መድማቱም ቆመ።

ዳነች። ግን ባርናባስ የዚያን ቀን ሌላ ፎቅ ላይ ቢመደብስ? ይህ ሐሳብ አልለቀቃትም። ስለዚህ የተጎዱ ሰዎች ጥያቄ እንዲልኩ ሲጠየቁ፣ በሕመም ምክንያት ቋንቋ የጠፋበትን ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን፣ እንዴት ያናግረው ብላ ጻፈች።

አዳራሹ ውስጥ ስድስት ስድስት ሆነው ተቀመጡ። ጥያቄዎቹ እያንዳንዳቸው በካርድ ላይ ተጽፈዋል፤ ካርዶቹ እንደ አስፈላጊነታቸው ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። በአሰፋሽ ጠረጴዛ የአደጋ ቀዶ ጥገና ሐኪም የሆነች ሽበታም ሴትና ዕዝራ የሚባል የአምቡላንስ ሠራተኛ ነበሩ። ሐኪሟ ሠላሳ አንደኛውን ካርድ አንሥታ ከታች አስቀመጠችው።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለች፤ "ግን መልሱ ይታወቃል። አስተርጓሚ በስልክ ይጠራል።"

አሰፋሽ ፊቷ ጋለ። እንግሊዝኛዋ ግን ዛሬ አብሯት ነበር።

"አስተርጓሚው እስኪገኝ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

"እንደ ቦታው ነው። በትክክል አላውቅም።"

"በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሳይነገር የሚቀረውስ? የለካው ሰው አለ?"

ሐኪሟ ካርዱን መልሳ አየችው። "መኖሩን እንጃ።"

"እንግዲያው መልሱ አይታወቅም ማለት ነው።"

ዕዝራ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። እዚሁ አገር ተወልደው ከእንግሊዝኛ ሌላ የማያውቁ አንድ ሽማግሌ ከመኪና አደጋ ሲያወጣቸው አንድ ቃል መተንፈስ አቅቷቸው እንደነበር ነገራቸው። "እጄን ብቻ ይጨብጡ ነበር። ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ እስከ ዛሬ አላውቅም" አለ። "ይሄ ካርድ የእሳቸውም ነው።"

ክርክሩ ያን ጊዜ ጦፈ። ሐኪሟ፣ ሰው እየደማ ጥናት መሥራት ከባድ ነው አለች። አሰፋሽ፣ ስለ ደም የሚጠናውም ሰው እየደማ አይደለም ወይ ብላ መለሰችላት። ጠረጴዛው ሳቀ፤ ሐኪሟም ሳቀች። ካርዱ ከታች ተነሥቶ መሐል ገባ።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ በትልቁ ስክሪን ላይ ከዐሥረኛው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ዐሥረኛው የእሷ አልነበረም። ዘጠነኛው፣ ስምንተኛው፣ ሰባተኛውም የእሷ አልነበሩም። ስድስተኛው ላይ ተስፋ ቆረጠችና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። አምስተኛው ስለ ሕመም ማስታገሻ ነበር። አራተኛው ሲወጣ ዕዝራ ክርኗን ነካት፤ ቀና ስትል የራሷ ቃላት ግድግዳውን ሞልተውት አየች። ወዲያው ለዮዲ "አራተኛ ወጣ" ብላ ቴክስት አደረገችላት።

ሰዉ ሲበተን ሐኪሟ ወደ እሷ መጣች።

"አሁንም ጥያቄዎ ከበታቹ ከወጡት ሁለት የደም ጥያቄዎች መብለጥ አልነበረበትም እላለሁ" አለች እየሳቀች። "ግን ይህን ጥናት ከሠራሁ ያለ እርስዎ አልጀምርም። አሁን ጊዜ አለዎት?"

አስተናጋጆቹ የጠረጴዛ ልብስ ሲሰበስቡ ሁለቱ ተመልሰው ተቀመጡ። ሐኪሟ ባዶ ወረቀት አወጣች።

"ደቂቃውን ከየት እንቁጠረው? በሽተኛው በሩን ካለፈበት?"

"አይሆንም" አለች አሰፋሽ። "ለመናገር አፉን ከከፈተበት።"

ሐኪሟ ቃል በቃል ጻፈችው።