ቅቤ የጠጣው አንቀልባ

ብዙነሽ አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ከገባ በበሬ ቢጎትቱት አይወጣም። ሟቹ ባሏ ይህን ያወቀው በተጋቡ ሳምንት ነው። ልጇ ጣቢታ ግን አድጋ፣ አግብታ፣ ቡራዩ ገብታ፣ ወልዳም እንኳ ገና አልገባትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢታ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟንም ትህትና አለቻት። ጎረቤቱ ስሙን ሲሰማ «በአባቷ ወገን ይሆናል እንጂ በአያቷስ አይደለም» ብሎ ሳቀ። ብዙነሽ ሰበታ ላይ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ቀበቶና ቦርሳ እየሰፋች የምትኖር ናትና፣ ሕፃኗ አንገቷን ማቆም ስትጀምር አንቀልባ ሰፋችላት። ለስላሳ የበግ ሌጦ፣ ዳር ዳሩ ዛጎል፣ ማሰሪያው የማይበጠስ ጠፍር። ጨርሳ ደወለች።

«ኧረ እማዬ! እኔ በአንቀልባ አላዝልም» አለች ጣቢታ። «ሰዉ ሁሉ በዘመናዊ ማዘያ ነው የሚያዝለው። ምን ይሉኛል?»

«ዘመናዊ ቢሆንስ?»

«ምኑ?»

«አንቀልባው ነዋ!»

ጣቢታ ሳቀች። «እሱ ዘመናዊ ከሆነ፣ እሺ፣ አዝልበታለሁ።»

ብዙነሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ከአፏ ወጥቷል፤ አለቀ። ያቺ ልጅ በዚህ አንቀልባ ሳትታዘል ብዙነሽ እንቅልፍ የላትም።

ዘመናዊነቱን የት እንደምታገኘው ታውቃለች። ጎረቤቷ አክመል ጫማና ቀበቶ ነጋዴ ነው፤ ቆዳ ላይ በጨረር ስም የሚጽፍ ማሽን ከቻይና አስመጥቷል። ማሽኑ የዶሮ ቤት ያህላል። አክመል አጠቃቀሙን በስልኩ ቪዲዮ እያየ ሊማር አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ ሰሞን ነውና መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ሱቁ በግማሽ በር ይሸጣል፣ ኢንተርኔቱም ድርግም ብሏል። ቪዲዮው ላይ ያለው ቻይናዊ ጓንት አጥልቆ፣ ቆዳውን ዘርግቶ፣ አንድ ጣቱን ወደ ላይ እንደቀሰረ ደርቆ ቀርቷል።

«ተጠንቀቁ ማለቱ ነው» አለ አክመል ስልኩን እያሳያት።

«አላህ አንድ ነው ማለቱ ነው» አለች ሚስቱ ሃዋ። «ሰውዬው የኛ ሰው ነው።»

ብዙነሽ ስልኩን ቀረብ ራቅ አድርጋ አየችው። «አስተማሪውን እያስፈቀደ ነው፤ ሽንቱ መጥቶበታል። በል አሁን ማሽኑን ሰካው።»

«እትዬ ብዙነሽ፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር ላይ እንሞክር» ብሎ አክመል ከመደርደሪያው አንድ ቀበቶ አወረደ። «ይሄ ንጹሕ የበሬ ቆዳ ነው።»

ማሽኑ እዝዝዝ አለ። ሰማያዊዋ ጨረር ቀበቶው ላይ ስታርፍ ቀበቶው አረፋ ደፈቀ፤ ጥቁር ጭስ ተነሳ፤ ሦስቱም እያሳሉ ወደ ውጭ ሮጡ።

«አክመል» አለች ብዙነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ቆዳ ሲቃጠል እንደ ፀጉር ነው የሚሸተው። ይሄ የሸተተው ጀሪካን ነው። የበሬህ አባት ጀሪካን ነበር?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!» አለች ሃዋ።

«ወላሂ እኔም ተታልዬ ነው» አለ አክመል፤ ይህን እያለ ግን «ንጹሕ ቆዳ» የሚለውን ማስታወቂያ ከበሩ ላይ ነቀለው።

ጭሱ ሲወጣ ብዙነሽ አንቀልባውን አመጣች። አክመል ሊቀበላት ሲል ከእጁ ሙልጭ ብሎ ወደቀ።

«ምን ቀብተሽው ነው?»

«ቅቤ ነዋ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ሳጠጣው ነው የዋልኩት። አንቀልባ ቅቤ ካልጠጣ የልጅ ገላ ይፍቃል።»

«ቻይናው ግን ቅቤ ሲቀባ አላየሁም።»

«ቻይና ቅቤ የት ያውቅና?»

ስሙን በራሷ እጅ ካርቶን ላይ በከሰል ጽፋዋለች። ፊደሎቿ እንደ በግ መንጋ ወዲያና ወዲህ ያያሉ፤ ቢሆንም ይነበባሉ። አክመል ፎቶ አንስቶ ለማሽኑ ሰጠው። አንዲት መከላከያ መነጽር ብቻ ነው ያለችው፤ እሷንም ብዙነሽ በንባብ መነጽሯ ላይ ደረበቻት። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ።

«ኃይሉን እስከ መጨረሻ ልቀቀው» አለች። «ልጅቷ እስክትዳር እንዳይጠፋ!»

ጨረሯ «ት»ን ጀመረች። ችስስስ አለ። ቅቤው ፈላ፤ ሌጦው ተንጣጣ፤ ከሱቁ የወጣው ሽታ የጥብስ ሽታ ሆነ፤ የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነበር።

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ሥጋ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። በየበሩ አንገት ብቅ ብቅ አለ። «ማነው ያረደ?» ተባለ። ድንጋይ የደረደሩት ወጣቶችና ድንጋዩን ሊያነሱ የመጡት ፖሊሶች አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ሽታውን ተከትለው መጥተው እዚያች ሱቅ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ለጊዜው ሁሉም ምራቃቸውን ዋጡ።

ከሁሉ ቀድመው የገቡት ሽማግሌው ኦቦ ጉደታ ናቸው። በአንድ እጃቸው ቢላዋ፣ በሌላው የተጠቀለለ እንጀራ ይዘዋል።

«አከም ጅርቱ! ፎን ኤሳ ጅራ?» አሉ፤ ሥጋው የታለ ማለታቸው ነው።

«ኦቦ ጉደታ፣ ሥጋ የለም። አንቀልባ ነው።»

«አንቀልባ ጠብሰሽ ልትበዪ? እዚህ ደረጃ ደረስን?»

«ኧረ የልጅ ልጄን ስም እየጻፍኩበት ነው!»

«በእሳት? ከብት ናት እንዴ የምትተኩሻት?»

ብዙነሽ መልስ ልትሰጣቸው አፏን ስትከፍት ቅቤው ቦግ አለ። አክመል ሶኬቱን ነቀለ፤ ሃዋ ለሶላት ውዱእ ያስቀመጠችውን ውሃ አንስታ አንቀልባው ላይ ቸለሰችው። ጭሱ ሲገለጥ «ት» የነበረችበት ቦታ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል።



«በስሎ ነበር» አሉ ኦቦ ጉደታ።

ብዙነሽ ቀዳዳውን አየችው። ጣቢታ ይህንን ብታይ ስቃ ስቃ ማዘያውን ከመርካቶ ታስመጣለች። አክመልም አዘነላትና ጭራሽ መባል የሌለበትን ነገር አለ፦ «እትዬ ብዙነሽ፣ በቃ ተይው።»

ተይው! ብዙነሽ አንቀልባውን ነጥቃ ወደ ጓሮ ሄደች፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቅቤውን ሙልጭ አድርጋ አጠበችው፤ ጨምቃ አራግፋ ተመለሰች።

«እስኪደርቅ እንጠብቅ» አለ አክመል።

«አልጠብቅም!»

አክመል እሳቱን ፈርቶ ኃይሉን ዝቅ፣ ፍጥነቱን ከፍ አደረገ። ጨረሯ ከቀዳዳው ዝቅ ብላ እርጥቡ ሌጦ ላይ ሽር አለች። ጭስ የለ፣ ነበልባል የለ፤ እንደ ተቆላ ገብስ የጠየመ ጽሑፍ ብቻ ቀረ፦ ትህትና። ሳይደርቅ መጻፉ ኖሯል የበጀው፤ አክመል እስከ ዛሬ «አስቤበት ነው» ይላል። በሩ ላይ የቆመው ሁሉ አጨበጨበ። ኦቦ ጉደታ ግን እንጀራቸውን ባዶውን እየበሉ ሄዱ።

ቀዳዳውን ብዙነሽ በትልቅ ዛጎል ሸፈነችው። መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው ታክሲ ተሳፈረች። ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ቡራዩ «ማነው ምሳ የቋጠረ?» እያለ ሲጠያየቅ እሷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች።

ጣቢታ ፊደሎቹን በጣቷ ደባበሰች። «እውነት በጨረር ነው?»

«በጨረር!»

«እሺ… ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ዘመናዊነት ነው የሚሸተው። እዘያት!»

ጣቢታ ሕፃኗን አዘለች። ጠፍሩን አሰረች፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች፣ ዞር ብላ አንቀልባውን አሸተተች፣ እንደገና አሸተተች።

«እማዬ፣ ጥብስ አማረኝ።»

«አውርጂያትና ይሠራልሻል።»

«ምን አወርዳታለሁ፣ ሥጋ ቤቱ እኮ ቅርብ ነው» ብላ ልጇን እንዳዘለች ወጣች። ሁለት ውሾች ከአጥር ሥር ተነስተው ተከተሏት። ብዙነሽም ከኋላ ከኋላ ውሾቹን በጃንጥላዋ እያባረረች፣ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ «ጽሑፉ የእኔ ነው!» ትላለች።